ታሜ፦ ከኤቨረስት መንገድ ዳር ያለችው መንደርና ከአደጋ ዝርዝር ውጪ የቀሩት ሐይቆች

ነሐሴ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ታሜ በምትባል የኔፓል መንደር ላይ ጭቃና ቋጥኝ የተሸከመ ጎርፍ ወረደ። ትምህርት ቤቱ ሄደ። ጤና ጣቢያው ሄደ። መኖሪያ ቤቶችና የእንግዳ ማረፊያዎች ተጠረጉ። ከ130 በላይ ሰዎች መጠለያ አጡ። ደግነቱ የሞተ ሰው የለም። ጎርፉ የደረሰው በቀን ብርሃን ስለነበር ሰው ሸሽቶ ማምለጥ ቻለ። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ሕንፃ ብቻ አይሆንም ነበር።

የመንደሯን ስም ሰምቶ የሚያውቅ ብዙ ሰው የለም። ልጆቿን ግን ዓለም ያውቃቸዋል። በ1953 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ከኤድመንድ ሂላሪ ጋር የኤቨረስትን ጫፍ የረገጠው ቴንዚንግ ኖርጋይ ልጅነቱን ያሳለፈው ታሜ ነው። ኤቨረስትን 21 ጊዜ የወጣው አፓ ሸርፓ የዚችው መንደር ልጅ ነው። በሜይ 2025 ለ31ኛ ጊዜ ጫፉ ላይ የቆመው ባለ ክብረ ወሰኑ ካሚ ሪታ ሸርፓም እንዲሁ። አንድ ሸለቆ ውስጥ የተወሸቀች ትንሽ መንደር ይህን ሁሉ ሰው ማፍራቷ ለብቻው ያስደንቃል።

ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ሁለት ነገር ቢያውቅ እወዳለሁ። የመጀመሪያው፣ ታሜን የመታት ጎርፍ የመጣው ባለሙያ ሁሉ ከሚፈራቸው ትልልቅ ሐይቆች አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የመንደሯ ሕልውና በአብዛኛው የተንጠለጠለው እንግዳ መጥቶ በማደሩ ላይ መሆኑ ነው። ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ወደ ታሜ የሚወስደው መንገድ

ጉዞው የሚጀምረው ከሉክላ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሂላሪ በ1964 ያሠራው ይህ ማረፊያ 2,845 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ማኮብኮቢያው 527 ሜትር ብቻ ሲሆን አንደኛው ጫፉ ከተራራ ጋር የተላተመ ነው፤ ሌላኛው ገደል ላይ ያበቃል። ከሉክላ በላይ የመኪና መንገድ የለም። ሩዙ፣ ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ሁሉ በሰው ጀርባ፣ በያክ (ጸጉራም የተራራ ከብት ነው) ወይም ያክና ላም ተዳቅለው በሚወለዱ እንስሳት ይጫናል። አቅም ያለው በሄሊኮፕተር ያስመጣል። አንድ ቤት እንደገና ለመሥራት እዚያ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከሉክላ ሁለት ቀን ተጉዞ 3,440 ሜትር ላይ ናምቼ ባዛር ይደረሳል። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ብዙው ተጓዥ በስተምሥራቅ ወደ ኤቨረስት መነሻ ካምፕ ይቀጥላል። ታሜ ያለችው በምዕራብ በኩል፣ የቦቴ ኮሺን ወንዝ ተከትሎ አራት ሰዓት ገደማ ከተሄደ በኋላ ነው። ከፍታዋ 3,800 ሜትር ያህል ነው። ከራስ ዳሽን ጫፍ በጣም ታንሳለች፤ ግን ጭንቅላቷ ላይ 6,487 ሜትር የሚረዝመው ቴንግ ካንግፖቼ ቆሟል።

የምዕራቡ መንገድ ጸጥ ያለ ነው። መጀመሪያ የጥድ ጫካ አለ። ከፍ ሲባል ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ በርች የሚባል ዛፍና ሮዶደንድሮን ይተካሉ። ሮዶደንድሮኑ በፀደይ ሲያብብ ሸንተረሩ ቀይና ሐምራዊ ይሆናል። ዳንፌ የምትባለው የኔፓል ብሔራዊ ወፍ ድንች ማሳ ውስጥ ስትጭር ትገኛለች፤ ወንዱ አረንጓዴ፣ መዳብና ሰማያዊ ቀለሙ በፀሐይ ሲያበራ ዓይን ይይዛል። ገደል ለገደል የሚሄደው ታር የሚባል የዱር ፍየል ነው። አጥንት ከሰማይ ለቆ ድንጋይ ላይ እየሰበረ የሚበላው ጢማም አሞራም አለ። ይህ አሞራ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በሰሜን ተራሮቻችንም ይኖራል። ሁለቱ ፓርኮች የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ቅርስ የሆኑትም በተከታታይ ዓመታት ነው። ሰሜን ተራሮች በ1978፣ ታሜ የምትገኝበት ሳጋርማታ በ1979።

መንደሯ ውስጥ የመጀመሪያው የሚታየው የድንጋይ ካብ ነው። እያንዳንዷ ማሳ ዙሪያዋን ታጥራለች። ካቡ እንስሳት ሰብሉን እንዳይበሉ ይከላከላል፤ ማሳውን ከድንጋይ ለማጽዳትም ይጠቅማል። ካቡ ላይ ክብ ክብ ሆኖ የተለጠፈው የያክ ኩበት ነው። ጫካው የፓርክ ስለሆነ እንደ ልብ እንጨት መቁረጥ አይቻልም። ስለዚህ ማታ ማታ እንግዶች የሚከቡት የብረት ምድጃ የሚነደው በኩበት ነው። ጭሱና ሽታው አገር ቤት ላደገ ሰው ምንም አይመስለውም። ምግቡ ድንች ነው። ድንች ኩምቡ ወደሚባለው ወደዚህ አካባቢ የደረሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን የሕዝቡን ኑሮ ለውጧል። ተፍቆ ከዱቄት ጋር ድስት ላይ እንደ ቂጣ ይጋገርና በቅቤና በቃሪያ ይበላል። የሚቆፈረው በሴፕቴምበር ነው። ጎርፉ የደረሰው ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ መሆኑን ልብ በሉ።

ሁለት ጊዜ የተመታ ሸለቆ

ይህ ሸለቆ ሲመታ የመጀመሪያው አይደለም። ኦገስት 4 ቀን 1985 ከታሜ በላይ ያለው ዲግ ጾ የሚባል ሐይቅ ተደርምሶ ነበር። ከላዩ ካለው የላንግሞቼ የበረዶ ግግር ትልቅ በረዶ ተገንጥሎ ሐይቁ ውስጥ ወደቀ። የተነሳው ማዕበል ሐይቁን የያዘውን የተፈጥሮ ግድብ ተሻገረ፣ ከዚያም ሰርስሮ ናደው። 14 ድልድዮች ተወሰዱ። ወደ 30 የሚጠጉ ቤቶች ፈረሱ። ለናምቼ መብራት ሊሰጥ ግንባታው ሊያልቅ ጥቂት የቀረው የውሃ ኃይል ማመንጫም አብሮ ሄደ። አፓ ሸርፓ ቤቱንና እርሻውን ካጡት አንዱ ነበር። ያ ሁሉ የኤቨረስት ታሪክ የመጣው ከዚያ ኪሳራ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለው አደጋ እንዴት እንደሚፈጠር መረዳት ከባድ አይደለም። የበረዶ ግግር ወደ ታች ሲጓዝ አፈርና ድንጋይ እየገፋ ጫፉ ላይ ይከምራል። ሙቀት ሲጨምር ግግሩ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ክምሩ ግን እዚያው ይቀራል። በመሃል የተፈጠረውን ጉድጓድ የቀለጠው ውሃ ይሞላዋል። እነሆ ሐይቅ። ችግሩ ግድቡን ማንም መሐንዲስ አልሠራውም። ልቅ አፈርና ድንጋይ ነው። አንዳንዴ ውስጡ የተቀበረ በረዶ አለው፤ ያም ቀስ በቀስ ይቀልጣል። ከላይ የበረዶ ናዳ ወይም ቋጥኝ ሲወድቅበት ማዕበሉ ግድቡን ያልፋል። ውሃ አንዴ በላዩ ማለፍ ከጀመረ መንገዱን እየቆፈረ ይሰፋል። ወርዶ መንደር ሲደርስ ደግሞ ከውሃ ይልቅ ድንጋይና ጭቃው ይበዛል። የጠረገውን ይጠርጋል፤ የቀረውን ይቀብራል። እርሻ አሸዋ ሲለብስ ደግሞ በአንድ ክረምት የሚመለስ ነገር አይደለም።

ታሜን በኦገስት 2024 (በእኛ ነሐሴ 2016) የመታት ጎርፍ የመነጨው ከትያንቦ ሐይቆች ነው። ከታሜ በላይ ያሉ ትንንሽ ሐይቆች ናቸው። ካትማንዱ የሚገኘው የተራሮች የምርምር ማዕከል ኢሲሞድ እንዳስረዳው፣ የላይኛው ሐይቅ ሞልቶ ታችኛው ላይ ፈሰሰ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ወረዱ።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ኢሲሞድና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2020 አንድ ትልቅ ጥናት አውጥተው ነበር። በሦስት የኔፓል ወንዞች ተፋሰስ ውስጥ 3,624 የበረዶ ግግር ሐይቆች ቆጠሩ። ከእነዚህ 47ቱን አደገኛ ብለው ለዩ፦ 25ቱ በቻይና ቲቤት፣ 21ዱ በኔፓል፣ አንዱ በሕንድ። የትያንቦ ሐይቆች ከ47ቱ ውስጥ አልነበሩም።

በጥናቱ ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም። እንዲህ ያለ ዝርዝር የግድ ያስፈልጋል። ሐይቆች ሲመዘኑ ስፋት ትልቅ ቦታ ይሰጠዋል፤ ብዙ ውሃ ያለው ብዙ ያጠፋልና ምክንያታዊ ነው። ገንዘቡና ትኩረቱም ወደዚያው ሄዷል። ጾ ሮልፓ የሚባለው ሐይቅ በ2000 ቦይ ተቆፍሮለት በ3 ሜትር ዝቅ እንዲል ተደረገ። ከኤቨረስት በስተደቡብ ያለው ኢምጃ በ2016 በ3.4 ሜትር ቀነሰ፤ 5,000 ሜትር ላይ የኔፓል ጦር የሠራው ሥራ ነው። ሁለቱም ተገቢ ነበሩ።

ግን 3,624 ሐይቅ ላይ ቦይ መቆፈር አይቻልም። ትንሽ ሐይቅ ደግሞ ከመንደር በላይ ቅርብ ከሆነ ለዚያች መንደር ትልቅ ነው። በሳተላይት መጠበቅም ገደብ አለው። አደጋው የሚበዛው በዝናቡ ወራት ነው፤ በእነዚያ ወራት ሂማላያ በደመና ይሸፈናል። በጁላይ 2025 በራሱዋ በኩል ኔፓልንና ቻይናን የሚያገናኘውን ድልድይ የወሰደው ጎርፍም ግግሩ ገጽ ላይ ከተጠራቀመ ውሃ የመጣ ነበር። እንዲህ ያሉ ኩሬዎች ይፈጠራሉ፣ ይሰፋሉ፣ ይጠፋሉ። የትኛው ዝርዝር ይይዛቸዋል?

ዝርዝር ውስጥ መግባት ብቻውን እንደማያድንም ታይቷል። በሕንድ ሲኪም ያለው ሳውዝ ሎናክ ሐይቅ አደገኛነቱ ለዓመታት ሲነገር ኖሯል። በኦክቶበር 2023 ተደረመሰ፤ 1,200 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የቲስታ 3 ግድብ ይዞ ሄደ፣ ብዙ ሰው ሞተ። ማስጠንቀቂያው ጆሮ ዳባ ልበስ ተብሏል ማለት ነው።

እኔ የሚታየኝ ርካሹና ፈጣኑ መፍትሔ ሰው ነው። በክረምት ያካቸውን ይዘው ወደ ላይ የሚወጡ እረኞች አሉ። ውሃው ሲደፈርስ፣ ሐይቁ ሲሞላ፣ ገደሉ ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የሚያዩት እነሱ ናቸው። ስልክ፣ ጥቂት ሥልጠናና መደበኛ ክፍያ ቢሰጣቸው፣ መንደሩ ውስጥ ደግሞ ሳይረን ቢተከል፣ ከአንድ ትልቅ ሐይቅ ፕሮጀክት ወጪ እጅግ ባነሰ ብዙ መንደር ዘበኛ ያገኛል። ይህ እንዲሆን ግን መንደሩ ውስጥ ሰው መኖር አለበት።

ማን ይቀራል?

ታሜ ከዚህ በፊትም መተዳደሪያዋን አጥታ ታውቃለች። ከመንደሯ ወደ ሰሜን የሚሄደው ሸለቆ ከ5,700 ሜትር በላይ ወዳለው የናንግፓ ላ መተላለፊያ ይወጣል። የአካባቢው ሕዝብ የሆኑት ሸርፓዎች በያክ እየጫኑ እህል ወደ ቲቤት፣ ጨውና ሱፍ ወደ ኔፓል የሚያመላልሱት በዚህ ነበር። ቻይና ከ1959 በኋላ ድንበሩን ስታጠብቅ ንግዱ ደከመ። ቦታውን ተራራ መውጣትና ቱሪዝም ያዘ። በ2015ቱ ርዕደ መሬት ታሜ በጣም ተጎዳች፤ ቤቶቿን መልሳ ሠራች። ከርዕደ መሬቱ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ጎርፉ መጣ።

ወጣቱ በዚህ መሃል ወጥቷል። ልጅ ካትማንዱ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ከዚያ ወደ ውጭ ይሄዳል። ኒውዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ትልቅ የሸርፓ ማኅበረሰብ አለ። አፓ ሸርፓ ራሱ በ2006 ቤተሰቡን ይዞ ዩታ ገብቷል፤ የልጆቹን ትምህርት ብሎ ነው። ከታሜ የወጣ ሰው ገንዘብ ይልካል፣ ለበዓል ይመጣል። ክረምቱን ሙሉ መንደር የሚጠብቁት ግን ሽማግሌዎች ናቸው። ይህን ታሪክ እኛም አሳምረን እናውቀዋለን።

ከጎርፉ በኋላ ያለው ጥያቄ እዚያው ይሠራ ወይስ ወደ ላይ ይሸሽ የሚለው ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ከወንዙ ራቅ ማለት ነው። ገዳሙ አስተማማኝ ቦታ ላይ ነው፤ ገደል ላይ ተለጥፎ መንደሯን ቁልቁል ያያል። በየዓመቱ መነኮሳቱ ጭንብል አድርገው የሚያሸበሽቡበት የማኒ ሪምዱ በዓል የሚከበረው እዚያ ነው። ሰው ግን ገደል ላይ ድንች አይተክልም። ሜዳ ያለው ወንዙ አጠገብ ነው፣ ለእርሻም ለቤትም። መሬቱ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው፤ ወደ ላይ ያለው ደግሞ ፓርክ ነው።

ከሰሜን ተራሮች ፓርክ በ2016 ወጥተው ደባርቅ አጠገብ የሰፈሩትን የግጭ ነዋሪዎች የሚያስታውስ አንባቢ ይህ ጥያቄ አዲስ አይሆንበትም። ምክንያቱ ይለያያል፤ እዚያ ለዱር እንስሳቱና ለግጦሹ ነበር፣ እዚህ ለሰዉ ደኅንነት። ጭንቀቱ ግን አንድ ዓይነት ነው። ተራራ ላይ ያደገ ሰው ከከብቱና ከማሳው ሲለይ ምን ይሠራል? የታሜ ሰዎች ይህን ራሳቸው ተነጋግረው መወሰን አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ባለሙያ የአደጋውን ካርታ ይሥራላቸው፣ የፓርኩ አስተዳደር ቦታ ይፍቀድላቸው፣ ውሳኔው ግን የእነሱ ይሁን።

ወጪው ግን የእነሱ መሆን የለበትም። ኢሲሞድ በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ የሂንዱ ኩሽና ሂማላያ ግግሮች ከ2011 እስከ 2020 የቀለጡት ከዚያ በፊት ከነበሩት አሥር ዓመታት በ65 በመቶ በፈጠነ ፍጥነት ነው። የዓለም ብክለት በዚህ ከቀጠለ እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ እስከ 80 በመቶ የሚሆነው የበረዶ መጠን ሊጠፋ ይችላል። ኔፓል ለዓለም ሙቀት ያላት ድርሻ ኢምንት ነው። በ2022 በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ አገሮች የተስማሙበት የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ የተፈለገው እንዲህ ላለው ነገር ነበር። ከፈንድ እስከ ታሜ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። በ2027 የአየር ንብረት ጉባኤው፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። ኢትዮጵያ ለራሷ አርሶ አደሮች የምትጠይቀውን ስትጠይቅ፣ የእነዚህ የተራራ መንደሮች ጉዳይ ከእሷው ወገን የቆመ ነው።

መሄድ ተገቢ ነው?

አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ አየሩን እየበከሉ፣ በረዶው ወደሚቀልጥበት መንደር መሄድ ተገቢ ነው ወይ የሚል ይኖራል። የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። የእኔ መልስ ተገቢ ነው የሚል ነው፣ ግን አካሄዱን ማስተካከል ነው። ሳጋርማታ ፓርክ በዓመት ከ50,000 በላይ የውጭ ጎብኚ ይገባዋል። አብዛኛው በአንድ መስመር ይጎርፋል። ሉክላ፣ ናምቼ፣ መነሻ ካምፕ፣ ፎቶ፣ መመለስ። ገንዘቡም እዚያው መስመር ላይ ይቀራል። ወደ ታሜ የሚታጠፈውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከናምቼ ጧት ወጥቶ፣ ምሳ በልቶ፣ ማታ ናምቼ ይመለሳል። ለመንደሯ ከሻይና ከምሳ ሒሳብ በላይ የሚቀርላት የለም።

ቢቻል ሁለት ሌሊት ማደር ነው። አንዱን ቀን ወደ ገዳሙ መውጣት፣ ጎርፉ የሄደበትን ማየት፣ የመንደሯን ልጅ አስጎብኚ ቀጥሮ በትያንቦ ሸለቆ ወደ ላይ መራመድ። ጉልበት ያለው ከዚያ በ5,360 ሜትሩ በሬንጆ ላ መተላለፊያ በኩል ወደ ጎክዮ ሐይቆች መሻገር ይችላል፤ ከጫፉ ኤቨረስት ፊት ለፊት ይታያል።

የከፍታ ሕመምን ማንም እንዳይንቀው። ናምቼ ላይ አንድ ቀን ማረፍ ግድ ነው። ሸርፓዎች አየሩን የሚችሉት ለብዙ ሺህ ዓመታት በሰውነታቸው በዳበረ ለውጥ ነው፤ ደማቸው ሳይወፍር ይሠራል። በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ሲንቲያ ቢል የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን መርምረው ነበር። የኦክስጅን መጠናቸውም ሆነ ሄሞግሎቢናቸው (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ባሕር ጠለል ላይ እንደሚኖር ሰው ሆኖ ተገኘ። ከቲቤት ሰዎችም በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ከሚኖሩትም የተለየ፣ ሦስተኛ መንገድ ነው። ይህ ግን ለአዲስ አበባ ልጅ ዋስትና አይሆንም፤ አሥመራም ተወለዱ ጎንደር፣ ቀስ ብለው ይውጡ።

ጥሩው ጊዜ ኦክቶበርና ኖቬምበር፣ ወይም ከማርች እስከ ሜይ ነው። የዝናቡ ወራት አይመከሩም። ጉዞ በሚበዛባቸው ወራት የሉክላ በረራ ብዙውን ጊዜ ከካትማንዱ ሳይሆን በመኪና ሰዓታት ከሚወስደው ራሜቻፕ ይነሳል፤ አየሩ ከከፋም ይቀራል፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ትርፍ ቀን ይያዝ። በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በአውሮፓ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ቪዛውን ካትማንዱ ሲደርስ ይመታለታል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን አስቀድሞ ከኔፓል ኤምባሲ ቪዛ ማውጣት አለበት፤ ማረፊያው ላይ አይሰጠውም። ገንዘብ ናምቼ ላይ በጥሬው አውጥቶ መያዝ ያስፈልጋል፤ ታሜ ባንክ የላትም።